ለአደይ አበባ ሲባል አቀንጭራ አይዘራም

ስለ ግቢ አትክልት በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰሞኑን «ከሣር ምንጣፍ ወደ አበባ መስክ» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ብዙ የባሕር ዳር ሰው እየተቀባበለ ማንበቡ አይገርምም። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው በጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችና መኖሪያ ግቢዎች አበባ የሌለባቸው የሣር ምንጣፎች ሆነው መቅረታቸው ያሳዝናቸዋል። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት በአውሮፓ የድርቆሽ መስኮች የሚበቅለውን ራይናንተስ የሚባል ቢጫ አበባ ነው። ይህ ተክል ሥሩን ከሣር ሥር ጋር አጣብቆ ስለሚመጥ ሣሩን ይገድለዋል፤ በሞተው ሣር ፋንታ አደይ አበባችን ይወጣል ይላሉ። አሠራሩንም ይዘረዝራሉ፦ ዘሩን ከውጭ ማስመጣት፣ አንድ ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት፣ በሰኔ ፍግ በተነሰነሰበት መሬት ላይ መበተን፣ የተረፈውን ለሚቀጥሉት ዓመታት በጠርሙስ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ወዲያ ማጭድን መርሳት። ዘሩን ማግኘት ላልቻለ ሰው ደግሞ «የእኛው አቀንጭራ በውበት አያንስም፤ እሱን ይሞክር» ብለው ይደመድማሉ።

ያቺ የመጨረሻ ምክር ባትኖር ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። እኔ በዚህች ከተማ ችግኝ እያፈላሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያልበቀለ የውጭ ዘር ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ኪስን ነው። የማሽላና የበቆሎን ሥር የሚመጠው አረም፣ አቀንጭራ፣ ግን ከኪስ አልፎ ጎተራ ይደርሳል። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ሌሎቹንም ነጥቦች በተነሡበት ቅደም ተከተል ልሂድባቸው፤ ሰው ገንዘቡን ያወጣባቸዋልና።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ። ራይናንተስ በአገሩ የተከበረ ተክል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአበባ የተሞሉት የድርቆሽ መስኮች ከመቶው 97 እጅ ጠፍተዋል። ገሚሱ ታረሰ፤ ገሚሱ ማዳበሪያ እየተሰጠው ሣር ብቻ የሚያበቅል ሆነ። እነዚያን መስኮች ለመመለስ የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው ከሚዘሯቸው ዕፅዋት አንዱ ይኸው ራይናንተስ ነው። ከጉልበት የማያልፍ፣ ጥርሳም ቅጠል ያለው፣ በዓመቱ በቅሎ በዓመቱ የሚሞት ተክል ነው። ሲደርቅ ዘሩ በማቀፊያው ውስጥ ይንሿሿል፤ የዱሮ ገበሬዎች ያን ድምፅ ሲሰሙ ድርቆሹ ለአጨዳ መድረሱን ያውቁ ነበር ይባላል።

ከፊል ጥገኛ የሚባለውም እውነት ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ በፀሐይ ብርሃን የራሱን ምግብ ያዘጋጃል። ሥሩ ግን በአጠገቡ ያለውን ሥር ሲነካ ትንሽ እብጠት ያወጣና ወደ ውስጡ ዘልቆ ውሃና ማዕድን፣ በመጠኑም የተዘጋጀ ምግብ ይስባል። ሌላው ተክል ሌሊት የቅጠሉን ቀዳዳ ሲዘጋ ይህ ክፍት አድርጎ ያድራል፤ ውሃው ሳያቋርጥ ወደ እርሱ እንዲፈስ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በግራር ላይ የተቀጸለ ተቀጽላ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ተቀጽላ በቅርንጫፍ ላይ በግላጭ የሚሠራውን ራይናንተስ ከአፈር በታች መሥራቱ ነው። የሚመርጠውም ሣርንና የጥራጥሬ ወገኖችን ነው። ብዙ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የመስክ ዕፅዋት ሥራቸውን በማጠንከር ይከላከሉታል፤ ሣሩ ሲደክም እነርሱ የሚፋፉት ለዚህ ነው። አደይ አበባም ከእነዚህ ሰፋፊ ቅጠሎች ወገን ስለሆነ የጸሐፊው ሐሳብ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

«ሣሩን ይገድለዋል፤ ማጭድን እርሱ» ይላሉ። ራይናንተስ ሣር አይገድልም። የሚመጥበት ቢሞት ራሱስ በምን ይኖራል? የሚያደርገው ማቀጨጭ ነው፤ የሣሩን ምርት እንደ መሬቱና እንደ ተክሉ ብዛት አንዳንዴ በጥቂቱ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። ማጭድ ደግሞ ከዚህ ተክል ጋር ፈጽሞ አይለያይም። ዓመታዊ ስለሆነ የመጪው ዓመት ተክል ሁሉ የሚገኘው ዘንድሮ ከወደቀው ዘር ነው። ስለዚህ አብቃዮቹ ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ይታገሡና፣ በእነርሱ በጋ ማብቂያ፣ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ገደማ ያጭዳሉ። የታጨደውን ለጥቂት ቀን እዚያው አድርቀው፣ አራግፈው ያነሡታል። ካላነሡት ሬሳው መሬቱን ሸፍኖ የመጪውን ዓመት ቡቃያ ያፍናል፤ ሲበሰብስም አፈሩን ያደልባል። አንድ ዓመት ዘሩ ሳይበስል ቀድሞ የታጨደ እንደሆነ በመጪው ዓመት መስኩ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ማጭድን መርሳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ተክል ሊመርጥ አይችልም ነበር።

«አንድ ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ» የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው ዘሩን በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ገባኝ። የራይናንተስ ዘር ክረምትን ይፈልጋል፤ የእኛን የዝናብ ክረምት ሳይሆን የእነርሱን የብርድ ክረምት። ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ እርጥብ ቅዝቃዜ ውስጥ ወራት ካላሳለፈ አይነቃም፤ አብቃዮቹ እስከ 4 ወር ያሉታል። ስለዚህ ነው በአገሩ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ተዘርቶ፣ ክረምቱን በአፈር ላይ ተኝቶ ከርሞ፣ ብርዱ ሊያልቅ ሲል የሚበቅለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጋቢ ያስደርብ ይሆናል፤ ረፋዱ ላይ ግን ያው ፀሐይ ናት፤ ቀኑ ከ25 ዲግሪ ያልፋል። ለወራት የሚዘልቅ የ5 ዲግሪ አፈር በጣና ዳር የለም።

እንግዲያው 4 ወር ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥስ የሚል ይኖራል። ይቻላል። በእርጥብ አሸዋ ለውሶ በዕቃ ከድኖ ማቆየት ነው፤ ዘሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ብርዱ ውስጥ ማጎንቆል ይጀምራል። (በእነዚያ 4 ወራት ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋና ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለአንባቢ አልነግረውም፤ ያውቀዋል።) ያጎነቆለውን እያንዳንዱን በጥንቃቄ ከሣር ጋር በአንድ ዕቃ ማላመድ ይከተላል። ይህ ሁሉ ተሳክቶ አበባ ቢያብብ እንኳ፣ ግቢያችን ውስጥ የሚረግፈው ዘር የሚያነቃው ብርድ አያገኝም። በየዓመቱ እንደገና ወደ ፍሪጅ፣ እንደገና ወደ አሸዋ። መስክ የምንለው ራሱን የሚተካውን ነው፤ ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚኖር ታማሚ ማስታመም ነው። ጉና ወይም ጮቄ ጫፍ ላይ ውርጭ አለ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። ግን እዚያ ያለው የሌሊት ውርጭ ቀን በፀሐይ የሚተካ ነው፤ ደግሞም እነዚያ ተራሮች የራሳቸው ዕፅዋት ስላሏቸው ማንም ባዕድ ዘር ሊሞክርባቸው አይገባም።

የተረፈውን ዘር በጠርሙስ አስቀምጦ ለዓመታት መጠቀም የሚለው ደግሞ በአንድ ቃል የሚመለስ ነው። አይሆንም። የራይናንተስ ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ አብቃዮች በየዓመቱ በዚያው ዓመት የተለቀመ ትኩስ ዘር የሚፈልጉት ያለፈው ዓመት ዘር እምብዛም ስለማይበቅል ነው።

ፍጉ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ይህ ስሕተት ራይናንተስን ባንነካ እንኳ ይጎዳናልና። አገራችን ውስጥ «መሬቱን አድልብ» የማይሠራበት ቦታ ስለሌለ ምክሩ በደመ ነፍስ የመጣ ይመስለኛል። ለጎመን፣ ለበርበሬ፣ ለቡና እውነት ነው። ለአበባ መስክ ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው። አፈሩ ሲደልብ መጀመሪያ የሚጠቀመው ፈጥኖ የሚያድገው ሣር ነው፤ ሣሩ ወፍሮና ረዝሞ ሌላውን ሁሉ ከብርሃን ይጋርዳል። በአውሮፓ መስኮቹን ያጠፋው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው መድኃኒት ያሉትን ተክል የሚያፍነውም ይኸው ነው። ራይናንተስ ቡቃያ ሳለ ደካማ ስለሆነ በወፈረ ሣር ሥር ይሞታል። ስለዚህ ከመዝራታቸው በፊት ሣሩን እስከ መሬት ያጭዱታል፤ ከዚያ በብረት ጥርስ ይቧጥጡና ከመሬቱ ግማሽ ያህሉን ባዶ ያደርጉታል፤ ዘሩ ሣር ላይ ሳይንጠለጠል አፈር እንዲነካ ነው። በ1 ካሬ ሜትር 1 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ዘር ይበቃል። ይበትኑታል፣ ይረግጡታል፣ አይሸፍኑትም። ፍግ የሚባል ነገር በአጠገቡ አይደርስም። በፍግ ላይ ራይናንተስ መዝራት የጎረቤትን በሬ አደልቦ እንዳይወጋ መለመን ነው።

በሆቴሎቻችን ግቢ ያለው ሣርም ሌላ ጣጣ ነው። ራይናንተስ በአገሩ የለመደው በብርድ ወራት የሚያንቀላፋ፣ ቀጫጭን፣ ያልደለበ የመስክ ሣር ነው። እዚህ ያለው ሰርዶና በየሳምንቱ እየተላጨ ውሃ የሚጠጣ ምንጣፍ ሣር ነው። ሰርዶ በመሬት ላይም በመሬት ውስጥም እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሄድ ጉልበተኛ ነው፤ ይህን የታገለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየሳምንቱ የሚላጭ ሣር ላይ ደግሞ ዓመታዊ አበባ ዘር እስኪያፈራ አይቆይም፤ የትኛውም ዓይነት ቢሆን።

ጸሐፊው በመሀል «ምናልባት ለእምቦጭም መፍትሔ ሊሆን ይችላል» ብለው ጣል ያደረጓት ነገር አለች። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተመከረበት ነገር ስለሌለ ይቅርታ አደርግላቸዋለሁ። እምቦጭ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሥሩም ውሃ ውስጥ ነው የተንጠለጠለው። የመስክ አፈር ላይ የሚኖር የሣር ጥገኛ ምን ሊያደርገው ነው?

ዘሩን ማስመጣትን በተመለከተ ጽሑፉ «ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል» ብሎ አልፎታል። ዘር በሻንጣ አይገባም። አገራችን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ አላት፤ ማንኛውም ዘር የማስገቢያ ፈቃድና ከተላከበት አገር የጤንነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ጣና ዳር የሚኖር ሰው ለዚህ መካሪ አያስፈልገውም ነበር፤ እምቦጭን ያየ ዓይን አለን። ራይናንተስ ራሱ እዚህ ይወረናል ብዬ አልሰጋም፤ ብርድ ስለማያገኝ ዘሩ ይከሽፋል። የሚያሰጋኝ አብሮት የሚመጣው ነው። የመስክ አበባ ዘር ብዙ ጊዜ ከመስክ ላይ እንዳለ የሚሰበሰብ ስለሆነ ንጹሕ አይደለም፤ በአንድ እሽግ ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ዘሮች ሊኖሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ አቀንጭራ።

«ከራይናንተስ ጋር ቤተሰብ ነው» ይላሉ ጸሐፊው። ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ኦሮባንካሴ በሚባለው ወገን ይመደባሉ፤ ሁለቱም አረንጓዴ ቅጠል አላቸው፤ ሁለቱም ዓመታዊ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ግን አንዱ የሌላው ምትክ ይሆናል አሉ። ዝምድና ግብርን አያሳይም። ራይናንተስ ከዘሩ ሲወጣ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ሣር ባያገኝ እንኳ ቀጭጮ ትንሽ ይቆያል። ዘሩ ትልቅና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከእናቱ ብዙም አይርቅም፤ ካልበቀለም ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የማይፈልገው ሰው ዘር ሳያፈራ አንድ ጊዜ ቢያጭደው ተገላገለ። አቀንጭራን ለማጥፋት ግን ገበሬው የልጅ ልጁን ሊጠራ ይችላል።

አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ከ50,000 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ዘር ርዝመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሦስተኛ እጅ አይበልጥም፤ በዓይን ሲታይ ትቢያ ነው። ይህ ትቢያ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ዝም ብሎም አይበቅልም። አፈሩ ለተወሰነ ጊዜ እርጥብና ሞቃት ከሆነለት በኋላ፣ በአጠገቡ የሚያድግ የእህል ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል እስኪያገኝ ይጠብቃል። የዚያን ዓይነት ኬሚካል ተመራማሪዎች በመጀመሪያ የለዩት በ1966 እ.ኤ.አ. ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ ራሱ በአቀንጭራ አይጠቃም፤ ዘሩን ግን ያነቃና የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ እንዲሞት ያደርገዋል። እህል ይህን ንጥረ ነገር ለምን እንደሚያወጣ ግን ለብዙ ዓመታት ምስጢር ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው፣ ተክሉ በእርሱ አማካይነት ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን የአፈር ሻጋታዎች ወደ ሥሩ ይጠራል። አቀንጭራ እንግዲህ ለወዳጅ የተላከን ጥሪ ሰምቶ ቀድሞ የሚደርስ ነው።

ከደረሰ በኋላ ለሳምንታት ከአፈር በታች ይቆያል። በዚያን ጊዜ ቅጠልም ብርሃንም ስለሌለው ሙሉ በሙሉ የሚኖረው በማሽላው ወይም በበቆሎው ላይ ነው። ከአፈር ብቅ ብሎ ወይን ጠጅ አበባውን ሲያሳይ ጉዳቱ ገና ሊጀምር ነው የሚመስለው፤ ግን አብዛኛው አልቋል። እህሉ ውሃ እያለው ይጠወልጋል፣ ይቀጭጫል፣ ዛላ ሳይዝ ይቀራል። ውበቱን አልክድም። በደረቀ ማሽላ መሀል እንደዚያ የሚያበራ አበባ ጥቂት ነው፤ መኪና አስቁሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳም አይቻለሁ። የማሳው ባለቤት ዳር ቆሞ ሲያየው ግን ምን እንደሚያይ እንግዳው አይጠይቅም።

ይህን አረም ለመቋቋም ስንት ዕድሜ እንደፈሰሰ ጸሐፊው ቢያውቁ ኖሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር አይጽፏትም ነበር። የወሎንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል ነው። ከዋና ዘዴያቸው አንዱ ከላይ ባነሣሁት ጥሪ ላይ የቆመ ነበር፦ ሥሩ ያን ኬሚካል በጣም አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ መምረጥ፤ ጥሪው ካልተሰማ ዘሩ አይነቃምና። ጎብየ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች አገራችን ገበሬ እጅ የደረሱት በዚያ መንገድ ነው። ሰው ሙሉ የሥራ ዘመኑን የሰጠበትን ጠላት እኛ በአበባ መደብ ላይ ልንዘራው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ለዚህ መልስ ይሆናል ብለው ያስቀመጡት ምክንያት «ከተማ ውስጥ ማሽላ ስለሌለ ጉዳት የለውም» የሚል ነው። የባሕር ዳርን ክረምት የማያውቅ ሰው ይህን ሊያምን ይችላል። በሐምሌ በየትኛውም ቀበሌ አጥር ላይ አንገታችሁን ብታሰግጉ በቆሎ ታገኛላችሁ፤ ባዶ ቦታ ያለው ሁሉ ይዘራል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ በዘንዘልማ፣ በሰባታሚት፣ በመሸንቲ አቅጣጫ በቆሎና ዳጉሳ ነው፤ ሁለቱም አቀንጭራ የሚያጠቃቸው ናቸው። ትቢያ የሚያህለው ዘር በጫማ ጭቃ ይሄዳል፤ በጎርፍ ይሄዳል። ከግቢ የታጨደው ሣር ለላም ይሸጣል፤ ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ ሳይሞት በእበት ይወጣል፤ እበቱ ማሳ ይገባል። በሆቴል ግቢ የተዘራ አቀንጭራ በሆቴል ግቢ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። አቀንጭራ በግቢው እንዲያብብለት የፈለገ ሰው የሚጣበቅበትን ተክል አብሮ መዝራት አለበት። ማለትም አበባ ፍለጋ በቆሎ ይዘራል፣ በቆሎውን ያስበላል፣ ከዚያ ለብዙ ዓመታት በዚያ አፈር በቆሎ ሊዘራ ሲሞክር ይቸገራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከላይ ፍግ አትጨምሩ ያልሁት ምክርም እዚህ ላይ ገደብ አለው። አቀንጭራ የሚበረታው በተጎዳና ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ ነው፤ እህሉ በተራበ ቁጥር ጥሪውን ያበዛዋልና። ስለዚህ አቀንጭራ ታይቶበት በሚያውቅ መሬት ላይ ቀድሞ የሚመጣው አፈሩን ማዳበርና ጥራጥሬ ማፈራረቅ ነው፤ አበባው ይቆይ።

እንግዲህ አደይ አበባ የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? አደይ አበባ የምንላቸው የቢደንስ ወገኖች የት እንደሚበዙ በመስከረም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዴት የሄደ ሰው ያውቃል፦ በእርሻ ዳር፣ በቦይ ጠርዝ፣ ታርሶ በቦዘነ መሬት ላይ። የሚፈልጉት የተነካካ፣ ገላጣ አፈርና ፀሐይ ነው። ጥገኛ ተክል በአውሮፓ መስክ ላይ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠሩት ማረሻና የከብት ሰኮና ናቸው። በግቢ ውስጥ ደግሞ ዶማ።

ዘሩ የሚለቀመው ከመስቀል በኋላ አበባው ደርቆ ሲጠቁር፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ ስንቀጥፍ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ማንሣት የለብንም፤ የተቀጠፈ አበባ ዘር አይሆንም፤ አንዳንድ የከተማችን ዳርቻዎች አደይ የራቃቸው ገሚሱ በዚህ ይመስለኛል። ንብ አናቢዎችም ይህን ያመሰግናሉ፤ ከክረምቱ በኋላ የሚቆረጠው ማር ብዙው ከዚህ አበባ የሚገኝ ነውና። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ለአበባ የመረጡትን ቦታ ሣር ከሥሩ ማጨድ። ሰርዶ ካለ ማጨዱ አይበቃም፤ በዶማ ቆፍሮ ገመዱን እየመዘዙ ማውጣት ነው፤ የቀረ ቁራጭ ይመለሳል። አፈሩን በመኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጎ ዘሩን መበተን፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ። ፍግም ዩሪያም አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ ቡቃያውን የሚያፍን ሣር ከመጣ በእጅ መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ዕረፍትም የለውም። ከዚያ ኅዳር አልቆ ዘሩ እስኪረግፍ ማጭድ አይነካውም። ዘሩ ከረገፈ በኋላ አጭዶ ማንሣት። በበጋ ጥጃ የሚለቁበት ግቢ ከሆነ እሰየው፤ ሣሩን ይግጠዋል፣ በሰኮናውም መሬቱን ይሰባብራል፤ ጸሐፊው ከእንግሊዝ አገር ሊያስመጡ ያሰቡት ሠራተኛ ይኸው ነው።

ግቢው ሁሉ መስክ መሆን የለበትም። የሆቴል ባለቤቶች እንግዳ የሚቀመጥበትን ሣር ቢላጩት ክፋት የለውም፤ ከአጥሩ ሥርና ከሐይቁ ወገን ያለውን ጠርዝ ይተዉት። ደንገሉና ፊላው ያለበትን እርጥብ ዳርቻ ግን ለአበባ ብለው እንዳይመነጥሩት፤ አደይ ውሃ የተኛበት መሬት አይወድም፤ ደንገሉም በቦታው ሆኖ ሥራ አለው።

የራይናንተስ ዘር አስቀድሞ የገዛ ካለ ገንዘቡ ሄዷል፤ ዘሩን ማቃጠል ነው፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣል። አቀንጭራን የዘራ ካለ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይል አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ይንቀለው። አበባ አውጥቶ ከሆነ ከረጢት አልብሶ ነቅሎ ያቃጥለው፤ ዘሩ እንዳይረግፍ እየተጠነቀቀ። ከዚያ ግቢ አፈር ለማንም አይስጥ፤ ሣሩንም ለላም አይሽጥ፤ የቆፈረበትን ዶማ ሳያጥብ አያውስ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም በየክረምቱ እየዞረ ይመልከት። ይህን ብቻውን አልችለውም የሚል እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለው የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራው ይኸው ስለሆነ ሄዶ ይጠይቅ።